የፋኩልቲው ኮምፒውተር ክፍል የሕይወት ታሪክ

በሀገር ቤት ወግ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ፣ እነማንን ትቶ እንደሄደ ሕዝብ ቆሞ ይሰማል። ለሥራ ክፍል እንዲህ ያለ ወግ የለም። ክፍል ሲታጠፍ የሚደርሰን ከአስተዳደር የተላከ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። "መዋቅራዊ ማሻሻያ" የሚል ርእስ ይኖረዋል፤ አዲስ የስልክ ቁጥር ይኖረዋል፤ ለሠራተኞች የቀረበች ምስጋና ከፊርማው በላይ ባለው መስመር ላይ ትገኛለች። በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ይነሳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ቢሮ ይገባበታል።

ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ሟች የተጻፈ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየፋኩልቲው ለነበረው የኮምፒውተር ክፍል። ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። በአንድ አለቃ፣ በአንድ በጀትና በአንድ የስልክ ቁጥር በሚተዳደር ማዕከላዊ የአይቲ ድርጅት ውስጥ ገብተዋል። እኔም ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደነበር አልጽፍም፤ የእኛ ዕጣ ከሌሎቹ የተለየ ስላልነበር ስሙ የሚጨምረው ነገር የለም። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ክርያት ያም ነው፤ ከሃይፋ በስተሰሜን፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር ባለችው ከተማ። ከኢትዮጵያና ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጣን ሰዎች በአንድ ደረጃ የምንወጣባቸው፣ በአንድ ገመድ ልብስ የምናሰጣባቸው ሕንፃዎች ሞልተውባታል። ከባሕር ዳርቻችን ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚያይ የካርሜል ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ጫፉ ላይ ባለ 30 ፎቁ የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ፣ የኤሽኮል ግንብ የሚባለው፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በኔቬ ሻዓናን በኩል የቴክኒዮን ግቢ አለ። ከሰፈራችን ብዙ ልጆች ወደዚያ ተራራ ወጥተዋል፤ የሚበዙት ለመማር፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ የተማሪዎቹንና የመምህራኑን ኮምፒውተር ለመጠገን።

የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ሟቹ የትልቅ ቤት ልጅ ነው። በዚህ አገር የመጀመሪያው ኮምፒውተር የተሠራው በንግድ ድርጅት ወይም በጦር ሠራዊት ውስጥ አልነበረም፤ በምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። ዋይዛክ ይባላል። ሬሆቮት በሚገኘው የዋይዝማን ተቋም ውስጥ በጄራልድ ኤስትሪን መሪነት ተሠርቶ በ1955 ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1963 መጨረሻም አገለገለ። ጉዳዩን ካማከሩት ሰዎች መካከል አልበርት አንስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ነበሩበት። አንስታይን ይህችን ለምታህል አገር እንዲህ ያለ ማሽን ምን ያደርግላታል ብሎ ተጠራጥሮ እንደነበር፣ ፎን ኖይማን ግን እንደሞገተለት ይነገራል። እንግሊዞቹ በዚህ ቀድመው ነበር፤ በኬምብሪጅ የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ላቦራቶሪ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር በ1949 ሥራ ላይ አውሎታል።

ሃይፋ ዘግይታ ብትገባም በፍጥነት ሄደች። አይቢኤም የሳይንስ ማዕከሉን በ1972 በዚሁ ከተማ ከፈተ፤ መሥራቹ ዮሴፍ ራቪቭ ነበር። በ1974 ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የዲዛይን ማዕከል እዚሁ አቋቋመ፤ 8087 የተባለው የሒሳብ ቺፕ ከዚያ ወጣ። በ1977 እና በ1978 የቴክኒዮኖቹ ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ሌምፔል ፋይል አሳንሶ የሚያስቀምጠውን ዘዴ ጻፉ፤ ዛሬ በየስልካችን የሚላኩ ሰነዶች ብዙዎቹ የእነሱ ዕዳ አለባቸው። ሁለቱም በ2023 መጀመሪያ ላይ፣ በሁለት ወር ልዩነት ውስጥ አረፉ።

በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር አንድ ነበር፤ ስለዚህ የኮምፒውተር ማዕከሉም አንድ ነበር። ይህን የሰማሁት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ካገኘኋቸው፣ ከሮማንያ ከመጡ ሽማግሌ ኦፕሬተር ነው። ተመራማሪው ፕሮግራሙን በወፍራም ወረቀት ካርድ ላይ ያስበሳል፤ በአንድ ካርድ አንድ መስመር። ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ በመስኮት ያቀብላል። ኦፕሬተሩ ተቀብሎ ወረፋ ያስይዛል። ውጤቱ በነጋታው ጠዋት በሰፊ ወረቀት ታትሞ ይወጣል፤ አንዲት ኮማ ከጎደለች ደግሞ በዚያ ሰፊ ወረቀት ላይ ያለው የስሕተት መልእክት ብቻ ነው። ሽማግሌው ካርዶቹን ሲቀበሉ ከላይ ያሉትን አንዳንዶቹን አየት ያደርጉ ነበር። "ያቺን ኮማ እኔ ካላየሁለት ምስኪኑ አንድ ሌሊት ይከስራል" ይሉኝ ነበር። ኮማ መፈለግ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ማሽኖቹ እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። በ1981 በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲና በዬል መካከል ቢትኔት የሚባል መስመር ተዘረጋ፤ ጥቂት ቆይቶ በአይቢኤም ድጋፍ የአውሮፓው ወንድሙ ተከተለ፤ የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎችም ገቡበት። በ1984 ዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ የኮምፒውተር ማዕከላቸውን መሠረቱ። በጥቅምት 24 ቀን 1985 ደግሞ የእስራኤል የኢንተርኔት መለያ ተመዘገበ፤ ከአገሮች መለያ ከአሜሪካና ከብሪታንያ ቀጥሎ ሦስተኛው ነበር። እኔ እነዚህን ዓመታት ስቆጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ወገኖቻችን፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ ነበሩ፤ ወደ 8,000 የሚጠጉት በሙሴ ዘመቻ በሌሊት አውሮፕላን ወጡ፣ ብዙዎች በመንገድ ቀሩ። የደረሰና ያልደረሰ ሰው ወሬ በሰው አፍ ብቻ ከመንደር መንደር እየዞረ ወራት ይፈጅ በነበረበት በዚያው ጊዜ፣ ካርሜል ላይ ያለ ተማሪ ከኒውዮርክ ተማሪ ጋር በጽሑፍ ይነጋገር ነበር።

በጥር 1991 የኢራቅ ሚሳይሎች ሃይፋና ቴል አቪቭ ላይ ሲወድቁ እነዚያ የዩኒቨርሲቲ መስመሮች የዜና ማሰራጫ ሆነው ነበር። የጋዝ ጭንብል ያደረጉ ተማሪዎች በታሸገ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙትን ለዓለም ይጽፉ ነበር። ከዚያ አራት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 24 እና 25፣ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ እኔም በእናቴ እቅፍ ነበርኩ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን ከቤታችን የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ ሟቹ የተወለደው ማሽን ሲረክስ ነው። ዴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስ የሚባለውን ኮምፒውተር በ1977 አወጣ፤ አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን በ1981፤ ሰን የተባለው ድርጅት በ1982 ተመሠረተ። የፊዚክስ ፕሮፌሰር በምርምር ገንዘቡ የራሱን ማሽን መግዛት ቻለ። የኬሚስትሪው አየና እሱም ገዛ። ማሽኑ ጠባቂ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ጠባቂው የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ማሽኑ ወላጅ አልባ ሆነ፤ ስለዚህ ፋኩልቲው ሰው ቀጠረ። ያ ሰው ረዳት ፈለገ። ረዳቱ ክፍል ፈለገ። ማንም "የኮምፒውተር ክፍል ይቋቋም" ብሎ ያቀደ አልነበረም፤ ሲነቁ ተወልዶ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የራሱ ኢሜይል ሰርቨር፣ የራሱ ፓስወርድ፣ የራሱ ባክአፕና የራሱ ጸባይ ያለው ክፍል በየፋኩልቲው ነበር።

የእኛ ክፍል ሁለት ቢሮና አንድ የሰርቨር ክፍል ነበረው። የሰርቨር ክፍሉ ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበር ወለሉ መሐል የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ነበረበት፤ የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ሲያፈስ ያቺ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አድናናለች። ግድግዳው ላይ ብረት ሣጥን አለ፤ ውስጡ የታሸገ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ የሰርቨሮቹ ዋና ፓስወርድ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይከፍተው ፖስታ ነበር። አለቃዬ ከሌኒንግራድ የመጣች የሒሳብ ምሩቅ ነበረች። ከመቀመጫዋ ጀርባ አንድ ወረቀት በማስቲሽ ተለጥፎ ነበር፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ እየተፋቀ እንደገና የሚጻፍ። በግራ በኩል የማሽን ስም፣ በቀኝ በኩል "እስከ ሐሙስ እንዳይነካ"፣ "ተማሪው ጽሑፉን እስኪያስረክብ እንዳይነካ"፣ አንዱ ላይ ደግሞ "መቼም እንዳይነካ" ይል ነበር። ይኸኛው የአንድ አሮጌ መለኪያ መሣሪያ ኮምፒውተር ነው፤ የመሣሪያው አምራች ከስሮ ጠፍቷል፣ ሶፍትዌሩን ዳግም መጫን አይቻልም።

በቴክኒክ ረገድ ያ ወረቀት ምንም አይደለም። ነገር ግን በፋኩልቲው ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የማን ሥራ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ የሚናገር ሌላ ሰነድ አልነበረም። የዲኑ ቢሮ እንኳ ያን ያህል አያውቅም። የፋኩልቲው ኮምፒውተር ክፍል ሥራ ይህን ማወቅ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም፤ ኬብል መሰካቱና ፕሪንተር ማስነሣቱ የዕለት ጉርስ ነው።

አንድ ጉዳይ በቅርብ ላሳያችሁ፤ እኛን የሚነካ ስለሆነ። አንድ የሴም ቋንቋዎች መምህር ከሌላ ፋኩልቲ መጥተው ዲስኬቶች አስረከቡን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጻፉ የግእዝ ጸሎቶችና ከሽማግሌዎች አፍ የተቀዱ የአማርኛ ትረካዎች ነበሩባቸው። ስንከፍታቸው የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ፎንት ውስጥ የሚገባው ከ256 ያልበለጠ ምልክት ነበር፣ ፊደላችን ደግሞ ከእሱ በላይ ነው። ስለዚህ የግእዝ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍለው አኖሩት፤ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ። የአንዱ "ለ" የሌላው "መ" ነው። ግእዝ የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ በ345 ምልክት ገብቶ አንድ ወጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ሁሉ ቁልፉ እንደጠፋ ሣጥን ቀርቷል።

አለቃዬ አማርኛ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ የዚያን ሶፍትዌር ቁልፍ አላውቅም። መምህሩ አንድ የታተመ ገጽ አመጡ። እኔ ፊደሉን አነባለሁ፣ እሷ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ታነባለች፤ ሀ ይህን ቁጥር፣ ሁ ያን ቁጥር እያልን ሠንጠረዥ ሠራን። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳምንታት ወሰደብን። አንዳንድ ፊደል በዚያ ገጽ ላይ ስላልነበረ ዝም ብሎ ባዶ ተተወ፤ ኋላ ከሌላ ገጽ ተሞላ። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ትረካዎቹ ተከፈቱ፤ ከመካከላቸው ከጎንደር እስከ ሱዳን ድንበር የተሄደበትን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ሌሊት በሌሊት የሚናገር ነበረበት። ይህ ሥራ በማንም የሥራ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም፤ ሰዓቱም በማንም መዝገብ አልተመዘገበም።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስል፤ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍሎች ከታዘዙት በላይ ሠርተዋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ማዕከል ሁለት ሠራተኞች፣ ፍራንክ ዳ ክሩዝና ቢል ካቺንግስ፣ ተማሪዎች ፋይላቸውን ከትልቁ ማሽን ወደ ዲስኬት እንዲወስዱ ብለው በ1981 ከርሚት የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ፤ ዓለምን ዞሮ ጠፈር ጣቢያ ድረስ ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲው በ2011 ዘጋው። በዕብራይስጥ ኢሜይል ለመጻፍ ፊደሉ በምን መልክ እንደሚላክ የወሰነውን ሰነድ በታኅሣሥ 1993 ያወጡት ሃንክ ኑስባኸርና የሐቪ ቡርቪን ናቸው፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ማዕከል፣ ሌላው ከኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ። በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግእዝን በላቲን ቁልፍ የሚጽፉበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ያዘጋጁ ነበር። በስደት ያለው ኢትዮጵያዊ በ1990ዎቹ ስለ አገሩ የተከራከረው በብዛት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማሽን ላይ ነው፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም።

አሁን ለገዳዩም ፍትሕ ላድርግ። መዋሐዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቶቹም እውነተኛ ናቸው። ስድስት ክፍሎች አንድን ሶፍትዌር ስድስት ጊዜ ይገዛሉ። አንዱ ባለሙያ ከታመመ ፋኩልቲው ሙሉ ይታመማል። በአንዱ ፋኩልቲ ደህና ሰው ከገጠመ ተማሪው ይጠቀማል፤ በጎረቤቱ ፋኩልቲ ሰነፍ ከገጠመ ተማሪው ይጎዳል፤ ሁለቱም ግን የሚከፍሉት ክፍያ አንድ ነው። ኢሜይሉ ወደ ጉግልና ወደ ማይክሮሶፍት ሲሄድ ደግሞ በየፋኩልቲው የነበረው የኢሜይል ሰርቨር ትርጉም አጣ። ከሁሉ በላይ ግን ደኅንነት ነበር። በየላቦራቶሪው ጠረጴዛ ሥር ለዓመታት ዝመና ያላገኘ፣ ከውጭ ሁሉም የሚያየው ሰርቨር ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው እንኳ የተረሳ።

በየካቲት 2023 ቴክኒዮን ተመታ። ራሱን ዳርክቢት ብሎ የሚጠራ ቡድን ፋይሎች ቆልፎ 80 ቢትኮይን ጠየቀ፤ ግቢው ኔትወርኩን ዘጋ፣ ፈተናዎች ተራዘሙ። የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር ዳይሬክቶሬት በኋላ ድርጊቱን ከኢራን ጋር ከተያያዘ ቡድን ጋር አገናኘው። ስለዚያ ግቢ የውስጥ አደረጃጀት የምለው የለኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ስብሰባ "ለየብቻ እንቆይ" ብሎ መናገር ከባድ ሆነ። ቃሉን የሚናገር ሰው ኃላፊነቱንም መውሰድ ነበረበት።

ነገሩ የእስራኤል ብቻም አይደለም። በኦክስፎርድ በ1957 የተወለደው የኮምፒውተር አገልግሎት በነሐሴ 2012 ከአስተዳደሩ የኮምፒውተር ክፍሎች ጋር አንድ ሆነ። በኬምብሪጅ የኤድሳክ ዘር የሆነው የኮምፒውተር አገልግሎት በ2014 ከአስተዳደሩ የመረጃ ክፍል ጋር ተዋሐደ። ሁለቱ ጥንታውያን ግን አንድ ብልሃት ጠብቀዋል፤ ኮሌጆቹና ብዙ የትምህርት ክፍሎቻቸው የራሳቸውን የኮምፒውተር ሰዎች አላባረሩም። ዋናው መስመር፣ ኢሜይሉና ጥበቃው በማዕከል፤ ተማሪውና ተመራማሪው አጠገብ ያለው ሰው በቦታው። በእኔ ዕይታ ትክክለኛው ድንበር ይኸው ነው። የእኛዎቹ ግን አንድ ማድረግ ሲባል ሰውንም ወንበሩንም ከሥፍራው ማንሣት ብለው ተረጐሙት።

የተደረገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር ወደ አንዱ ትልቅ መዝገብ ተሻገረ፤ ሰው ሁሉ አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ አገኘ። ይህ መልካም ነበር፤ ለዚህ አላለቅስም። ከዚያ የፋኩልቲውን ስም የያዘው የኢሜይል አድራሻ ተሰረዘ፤ ለተወሰነ ጊዜ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ተደርጎ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ሰርቨሮቹ ወደ ማዕከሉ ሄዱ፤ የማይሄዱት ጠፉ። በመጨረሻ እኛ ሄድን፤ በግቢው ሌላ ጫፍ ያለ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀበት። ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰር ሲቸገር ቲኬት ይከፍታል። ቲኬቱ ቁጥር አለው፣ ደረጃ አለው፣ የሚዘጋበት ሰዓት አለው። እኔ የእኛን ፋኩልቲ ቲኬት የማየው ተራዬ ከሆነ ነው፤ ካልሆነ ለማላውቀው ፋኩልቲ መልስ እሰጣለሁ፣ የእኛንም የማያውቀው ይመልስለታል።

የአለቃዬ ወረቀት የሚገባበት ቦታ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ አልነበረም። ለማስገባት ሞክራ ነበር፤ "የንብረት ዝርዝር" የሚል ሠንጠረዥ ሰጧት፣ በውስጡ የማሽኑ ዓይነት፣ ተከታታይ ቁጥርና የተገዛበት ዓመት የሚሞላበት። "እስከ ሐሙስ እንዳይነካ" የሚጻፍበት ሣጥን የለም። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ዝመና ያወጣል፤ ማዕከሉ ደግሞ ዝመናውን ለሁሉም በአንድ ሌሊት ይልካል፣ ማሽኖቹንም ያስነሣል። ከእነዚያ ማክሰኞዎች በአንዱ ሌሊት ለቀናት ሲለካ የነበረ የላቦራቶሪ ኮምፒውተር ተዘግቶ ተነሣ፤ ልኬቱ ጠፋ። ተማሪዋ ቲኬት ከፈተች። የመጣላት መልስ ዝመናው በመመሪያው መሠረት የተከናወነ መሆኑን ይገልጻል፤ እውነትም ነው። ቲኬቱ ተዘጋ፤ በመዝገቡ ላይ በጊዜው መልስ ካገኙት ውስጥ ተቆጠረ።

የዚያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን አባባ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ያ ክፍላችሁ ተዘጋ አሉ?" አሉኝ።

"አልተዘጋም አባባ፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ አደረጉን።"

"ደመወዝ ቀነሱባችሁ?"

"ኧረ የለም።"

"ታዲያ ፊትህ ምነው?"

"ሰዎቹ ሲቸገሩ የሚጠሩት ሰው ጠፋባቸው።"

ጥቂት ዝም አሉና፣ "እኛ እዚህ አገር ስንገባ መጀመሪያ ያጣነው እሱን ነው። ለየጉዳዩ ቢሮ አለ፤ ወረቀትህን ይቀበሉሃል፣ አያንጓጥጡህም። ብቻ የማን ልጅ እንደሆንክ የሚያውቅ የለም" አሉኝ። ከዚያ ስለ ልጅ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ጠየቁኝ፤ ቅጹ ላይ የስም አጻጻፍ አልሄድ ብሏት ነበር። ቤታቸው ገብቼ አስተካከልኩላት፤ ያለ ቲኬት።

ስለ አገር ቤት ጥቂት ልበል። እዚያ ነገሩ በሌላ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በ1990 ተከፈተ፤ ኋላ ላይ ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር በኢንፎርማቲክስ ፋኩልቲ ሥር ተሰባሰበ፤ ያ ፋኩልቲም በተራው ታጠፈ። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከተከፈተበት ከ1997 በፊት ኢሜይል ይላክ የነበረው በጥቂት ቦታ ነው፤ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ልሻን አዳምና ባልደረቦቹ በሚያካሂዱት ፓዲስኔት፣ እንዲሁም ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ሄልዝኔት። መልእክቱ ተጠራቅሞ ሌሊት በስልክ ወይም በሳተላይት ይሄዳል፤ ሰው ጠዋት ይመጣና መልስ መጣልኝ ወይ ይላል። መስመሩን የሚያካሂደው ሰው መልእክት ጠባቂዎቹን በስም ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርትና ምርምር ኔትወርኩ በኢተርኔት ሥር ሲገናኙ፣ ፋኩልቲዎቹ የራሳቸውን ኮምፒውተር ክፍል አሳድገው ሳይጨርሱ ነው ማዕከሉ የደረሰባቸው። ስለዚህ እዚያ የሚታዘንለት ሟች ያነሰ ነው፤ ያልተወለደው ይበዛል።

ሟቹ ትቷቸው ያለፉ ቤተሰቦች እነዚህ ናቸው። አለቃዬ ከውሕደቱ ጥቂት ቆይታ በፈቃዷ ጡረታ ወጣች፤ ሒሳብ ለሰፈር ልጆች ታስተምራለች፣ በነጻ፣ ጩኸት ግን ታበዛለች። ከእኛ መካከል ኔትወርኩን የሚያውቀው በሃይፋ ደቡብ በር ባለው በማታም ፓርክ ካሉት ኩባንያዎች በአንዱ ተቀጠረ፤ ደመወዙ እጥፍ ነው ይላል፣ ማን ምን እንደሚሠራ ግን እስካሁን አልገባኝም ይላል። እኔ ማዕከሉ ውስጥ ነኝ። መጥፎ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከሌሎች ፋኩልቲዎች እንደኔው የመጡ ናቸው፣ ምሳ ሰዓት ላይ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሟች እናወራለን። "መቼም እንዳይነካ" የተባለው ማሽን ከኔትወርኩ ተነቅሎ ብቻውን ይሠራል፤ በእሱ የሚሠሩት መምህር ውጤቱን በፍላሽ ያመላልሳሉ። የግእዙ ሠንጠረዥ በማዕከሉ ሰርቨር ላይ "ልዩ ልዩ" በሚል ማኅደር ውስጥ አለ። ባለፈው ዓመት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ የአያቷን ዲስኬት ይዛ መጣች፤ የተጻፈው በሌላ ሶፍትዌር ስለሆነ የእኛ ሠንጠረዥ አልሠራላትም፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ አለቃዬ ቤት እየተገናኘን አዲስ ጀምረናል፤ አሁን "ቀ" ላይ ደርሰናል።